ቁጥር የማይጠይቀው

ፒያሳ፣ ከሲኒማው ጎን፣ ከደረጃው ሥር፣
ስልክ እጠግናለሁ ባንዲት አጭር ወንበር።
ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ይደልቃል፣
ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ይርቃል።
እትዬ አንጓች መጡ፤ ጥላ ሳያጥፉ
ስልክ ከመቀነት ፈተው አሳረፉ
ከብየዳ ብረቴ አጠገብ፤
ቀስ ብለው ጠየቁኝ፣ ብድር እንደሚያስብ፦
«ቁጥር የማይጠይቅ፣ ስም የማይመዘግብ፣
እንዲያ ያለ አለ ወይ፣ መልእክት የሚያደርስ፣
የላኪ የተቀባይ ዱካ የማይዳስስ?»

ሰማያዊውን አሳየሁ፤ «ይኸ ሁሉም ያለበት።»
«እሱማ ጥሩንባ ነው» አሉ፤ «ገና ስገባበት
‹አንጓች መጣች› ብሎ ላገር ያወራል፤
የእድሩ ጸሐፊ ሳይቀር ‹እንኳን ደህና መጡ› ይላል።»

አረንጓዴውን ነካሁ። «እዚህ ቃሉ ይቆለፋል፤
ከርስዎ እስከሚያነበው፣ ማንም ሳያየው ያልፋል።»
«በሩስ?» አሉኝ።
              «የቱ በር?»
                        «ያንኳኳሁት በር!
በአያቶቼ ጊዜ፣ ደብዳቤ በተሰነጠቀ ዘንግ ዳር
ተይዞ ሲሄድ፣ ቀለሙን ማን አነበበው? ማንም።
ግን ከማን ወደ ማን እንደሆነ፣ ከቀሃ እስከ አንገረብ
ያልሰማ አልነበረም።
ቃልማ ይሸፈናል። እኔን የሚያስበላኝ
በስንት ሰዓት፣ ስንቴ፣ ለማን እንደላክሁኝ።»

ዝም አልሁ። ሃያ ዓመት ስልክ ስፈታ ስገጥም
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልገጠመኝም።

ሦስተኛውን ፈለግሁ፣ ከስንት ልመና በኋላ
ኔትወርኩ ሲመለስ። ቁጥር አይል፣ መታወቂያ አይል፣ ሌላ።
የሚሰጠው የፊደል ጭራ ነው፤ ረጅም፣ ትርጉም የለሽ፣
ደብተራ ጀምሮ እንደተወው አስማት።
«ቁልፉ አንዴ ከጠፋ» አልኋቸው፣ «የሚመልስ የለም፤
የሠራውን ቢለምኑት፣ እሱ ራሱ አያውቅም።»

ደስ አላቸው። «ይኸንንማ አውቀዋለሁ፤ ክታብ ነው።
ቆዳው አንዴ ከተሰፋ፣ የሰፋው እጅ አይፈታው፤
የተከፈተ ቀን ይረክሳል።»

ከዚያ ጥያቄ አዘነቡ፣ የውጭውን አስናቁት፦
ደብዳቤው ሌሊት የት ያድራል? ተሸካሚው ማንን ያውቃል?
የሠሩት ሰዎች ምን በልተው? ነጻ ከሆነ ማን ይከፍላል?
ስልኬን ከነጣቴ ቢይዙኝስ?
«ያኔማ» አልሁ፣ «ክታቡ ተተርትሯል።»
መዋሸት አልቻልሁም።
እሳቸውም አልደነገጡም።

«ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጣራው ላይ ያሉት ዓይኖች
ከልጅነቴ ያዩኛል፤ ስንቱን የኔን ነገሮች
አይተው ዝም አሉልኝ።
መታየትስ አልፈራ፤
ያየ ሰው ሲያወራ!»

ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሆዴ ግን ጠየቀ፦
ከመተማ ማዶ የቀረ ልጅ? ወይስ ገና ያልታረቀ
ወንድም? ወይስ ዕድሜ ያልከለከለው…
ይህን ሳወጣ ሳወርድ፣ ስልኩ «ስም ያስገቡ» አለ፤
«የፈለጉትን።» ግንቡም በጉም ስሙን ደብቆ ዋለ።
ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጻፉ፣ ባንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፤
እኔም ወደ ጉሙ ዞርሁ፣ የምቆጥረው ነገር ያለኝ ይመስል።

ያን ጭራ በሎተሪ ጀርባ ገለበጥሁት።
ሁለቴ ቆጠርሁ፤ ሦስቴ ቆጠሩ፤
አራት አጥፈው በመቀነት ቋጠሩ።
«ወዲያኛው ሰው ጋ በምን ይደርሳል?»
«በሰው እጅ ነዋ! ማንበብ በማይችል።»

ሃምሳ ብር ከፈሉ፤ መልስ አልወሰዱም።
«አላየኸኝም።»
«ማንን?» አልሁ። ሳቁም፣ አልሳቁም።

ማታ ያንኑ ጫንሁ፣ ለራሴ። ነጭ ገጽ፣ ባዶ።
ሁለት ሺህ ቁጥር ይዣለሁ፤ ከነዚያ ሁሉ መሃል
የኔን ጭራ ለማን ልስጠው? አንዱን ስም ነካሁ… ይቆይ ልበል።

እና ይህን ስጽፍ፣ አንጓች ስማቸው አይደለም።
ቴክኖም ላይሆን ይችላል፤ ሎተሪም፤ ሐምሌም።
ዝናቡን ግን አልለወጥሁም።